ቄሱ ያልተናገሩት ቃል

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል መስኮት ስከፍት የረጠበ በርኖስ ሽታ ፊቴን መታው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር፤ ከገጠር የመጡት ሕመምተኞች ከነእርጥባቸው ተሰልፈዋል። ማን እንደለበሰው አላየሁም። የበግ ጠጉር ጭስ ጠጥቶ ጠጥቶ ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ ነው፤ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ትንሽ ደግሞ ይሞቃል። አንቺ ደብረ ማርቆስ ከተማ መሃል ስላደግሽ ምንም ላይመስልሽ ይችላል። ለእኔ ግን ያ ሽታ የነፍስ አባታችን ናቸው። ጠዋት ሦስት ጊዜ ካርድ ተሳስቼ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከጎኔ ስትሠሪ አይተሽ ምን ሆንሽ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ አሁን ሰልፉ ሳሳ ስላለ ልንገርሽ።

ያደግሁት ከሮብ ገበያ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ባለ መንደር ነው። ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ እግር ሲረግጠው የሚንኮሻኮሽ አገር። ቄሱ፣ የነፍስ አባታችን፣ በርኖሳቸውን ደርበው በየወሩ ጠበል ሊረጩ ቤታችን ይመጡ ነበር። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው የሚበልጥ። በር ላይ ሲያስሉ አባቴ ከመደቡ ብድግ ይላል። አባቴ ለማንም የሚነሣ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተጣልቶ ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። ጎረቤታችንም የራሱን ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል። እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ትጮኻለች፤ የመንደሩ ሰው ዳር ዳሩን ይራወጣል እንጂ መሃል የሚገባ ጠፋ። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን በኩል መጡ። አልሮጡም። የገብሱን ማሳ አቋርጠው፣ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ሁለቱ ጠመንጃዎች መሃል ቆሙ።

"ገዝቼሃለሁ!" አሉ ለአባቴ። "አንዲት እርምጃ ብትራመድ ገዝቼሃለሁ!"

አባቴ ቆመ። ከዚያ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። በማግሥቱ ቄሱና የሮብ ገበያው ሼኽ አንድ ላይ ተቀምጠው አስታረቋቸው። ሁለቱ አብረው የተቀመጡበት እርቅ አይፈርስም ይባል ነበር፤ እውነትም አልፈረሰም። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሰው ቃል ጠመንጃ ሲያቆም ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቄሱ የማይችሉት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ትምህርት ቤቴ ሮብ ገበያ ነበር። እዚያ አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ እስላም። ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ልብሷ ሁልጊዜ አዲስ ጣቃ አዲስ ጣቃ ይሸታል። እኔ ሒሳብ እሠራላታለሁ፣ እሷ እንግሊዝኛ ታነብልኛለች። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ የቋጠርኩትን ቆሎ፣ እሷ ዳቦዋን እናወጣለን። ሥጋ የያዝን ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይነግረን፣ ፊታችንን አዙረን እንበላለን፤ ከዚያ ተመልሰን እንስቃለን።

ስምንተኛ ክፍል እያለን፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለታችንም ለባል ተሰጠን። እሷን የቢቸና ነጋዴ ጠየቃት፤ ዕድሜው ከአባቷ ብዙም አያንስም። እኔን ከማዶ ያለ የባለጸጋ ገበሬ ልጅ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን የመጡ ዕለት ቄሱ መሃል ተቀምጠው ነበር፤ ከጓዳ ሆኜ "አሜን" ሲሉ ድምፃቸውን ሰማሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሥር ተቀምጠን እያለቀስን ሳለ ጓደኛዬ ድንገት እንባዋን ጠረገችና "ሼኹ ዘንድ እንሂድ" አለችኝ።

"ሄደን ምን እንላለን?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ። እኔ አፌ ይተሳሰራል።"

ሼኹ የዐስርን ሶላት አሰግደው መስጊዱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ቁርኣን የሚያስቀሯቸው ልጆች የእንጨት ሰሌዳቸውን ታቅፈው ይጮኻሉ። ሼኹ ሲያዩን በእጃቸው ምልክት ልጆቹን አሰናበቱ።

"አባባ" አልኩ፣ "ጓደኛዬ ማግባት አልፈልግም ትላለች።"

"እሷ ምላስ የላትም?"

ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየች "አልፈልግም" አለች። አልተሰማም።

"ድገሚው።"

"አልፈልግም።"

"ሌላ ያሰብሽው ሰው አለ?"

"የለም። መማር ነው የምፈልገው።"

ሼኹ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ "የኒካሁ ዕለት ስጠይቅሽ ልክ እንደዚህ በይ" አሏት። "እኔ ኒካህ የማስረው ልጅቱ እሺ ስትል ነው። አባቷ እሺ ስላለ ብቻ ወላሂ አላስርም።" ወደ እኔም ዞሩ። "አንቺስ ልጄ? የመጣሽበት ፊት የጓደኛሽን ጉዳይ ብቻ የያዘ አይመስልም።"

የራሴንም ነገርኳቸው።

"ቄስሽን ላነጋግርልሽ? እንሰማማለን እኮ።"

"አይ፣ እኔው እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ሼኽ ስለ እኔ ቄስ ፊት ሲናገሩ ታየኝና አፈርኩ። ምን ያሳፍራል? ዛሬ ሳስበው አይገባኝም። ያኔ ግን አፈርኩ።

በሚቀጥለው ጠበል ቀን ቄሱ ቤታችንን ረጭተው ሲወጡ እሸኛለሁ ብዬ ጥላቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። ምንጩ አጠገብ ስንደርስ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

"አባ፣ ትምህርቴን ልጨርስ። አባቴን አንድ ቃል ይበሉልኝ። ከእርስዎ ቃል አይወጣም፤ ያን ቀን በማሳው አይቻለሁ።"

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምንጩ ይንፎለፎላል፤ ከማዶ ገብስ የሚወቁ ሰዎች በሬዎቻቸውን እየነዱ ያዜማሉ። ቄሱ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

"ልጄ፣ ቃሉ ወጥቷል" አሉኝ በመጨረሻ። "እኔም ተቀምጬ መርቄበታለሁ። አባትሽን በሰው ፊት አታሳፍሪው። እግዚአብሔር የፈቀደው ነው የሚሆነው።"

መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉልኝ፣ ተሳለምኩ፣ ጥላቸውን ሰጠኋቸው። ጥላውን ሲቀበሉኝ ዓይኔን አላዩኝም።

የጓደኛዬ ኒካህ ከእኔ ሠርግ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነበር። እኔ አልነበርኩም፤ የገበያ ሴቶች ናቸው ያወሩት። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ በጉ ታርዷል። ሼኹ ከመጋረጃው ጀርባ ላለችው ልጅ "እሺ ብለሻል?" አሏት። ዝም አለች። እናቷ "አፍራ ነው፣ ዝምታዋ እሺታ ነው" አለች። ሼኹ "ይቺ ልጅ አፍ እንዳላት አውቃለሁ" ብለው እንደገና ጠየቋት። ያኔ "አልፈልግም" ብላ እየጮኸች ተናገረች። ሼኹ ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ ኒካሁም ቀረ። ጨርቅ ነጋዴው ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እሳቸው የሚያሰግዱበት መስጊድ አልረገጠም፤ ዘመዶቹም ሼኹን ለድግስ መጥራት ተዉ። ሼኹ ምን አሉ ብዬ ብጠይቅ ሴቶቹ "ምን ይላሉ፣ ልጆቹን ያስቀራሉ" አሉኝ።

እኔ ያን ሳምንት አንድ ቃል እንደሚበቃ አወቅሁ፤ የእኔን ቃል ግን የሚሰማ አልነበረም። በሠርጌ ጠዋት ቄሱ መጥተው መረቁን። ከዚያ ሁሉ እልልታና ጭፈራ ውስጥ የማስታውሰው የበርኖሳቸውን ሽታና መሬት መሬት ማየታቸውን ብቻ ነው።

ባሌ ክፉ አልነበረም። ልጅ ነበር፣ እንደኔው ያልተጠየቀ። በዓመቱ ምጥ ያዘኝ፤ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አማጥኩ፣ በሦስተኛው በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ልጄ ሴት ነበረች። ሞታ ተወለደች። ፀጉሯ ብዙ እንደነበረ አዋላጇ ነገረችኝ፤ እኔ አላየኋትም።

ከባሌ ጋር ተለያይተን ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። አባቴ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አልተናገረም፤ ብቻ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ልማር ስል አንዲት ላም ሸጦ ላከኝ። ቀን በሰው ቤት እየሠራሁ፣ ማታ እየተማርኩ አሥረኛን ጨረስኩ። ከዚያ እዚህ መስኮት ጀርባ ተቀመጥኩ። ይኸው ዓመታት አለፉ። ጓደኛዬ ባሕር ዳር መምህር ናት፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። ሼኹ ያረፉ ጊዜ ደውላልኝ አልቅሳለች።

ቆይ፣ ለእኚያ ሽማግሌ ካርዳቸውን ልስጣቸው።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጎልማሳ ዓይናቸው የጠፋ አዛውንት ቄስ አባቱን እየመራ ወደ መስኮቱ መጣ። የነፍስ አባታችንን ስም ሲነግረኝ እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔ ግን እንደማንም "ዕድሜ?" ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረጉ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ልጃቸው ካርዱን ተቀብሎ ወሰዳቸው።

አሥራ ሁለት ቀን ተኙ። ሆዳቸውን ነበር ያመማቸው። በየቀኑ ከሰዓት አጥሚት በፔርሙዝ እየያዝኩ እሄድ ነበር፤ ለምን እንደምሄድ ለራሴም አልነገርኩት። ልጃቸው እጄን ሊስም ይደርሳል። እሳቸው ይጠጡና "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ፤ ሌላ የለም። በአሥረኛው ቀን ልጃቸው መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ "ተቀመጪ" አሉኝ።

"ምንጩ ዳር ያልሽኝን አልረሳሁትም" አሉ። "ከአንቺ በፊት ደግሞ ሼኹ መጥተው ነግረውኝ ነበር።"

አልጠበቅሁትም። እምቢ ብያቸው እንኳ ሄደውልኝ ኖሯል።

"'አንቱ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃል' አሉኝ። እኔ ግን ፈራሁ ልጄ። አባትሽን አልፈራሁም፤ ጠመንጃ ይዞ እንኳ አልፈራሁትም። ለእርቅ ስገዝት አገሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ነው። ለሴት ልጅ ብገዝት ግን ማን ይሰማኛል? ቃሌ መሬት ቢወድቅስ? ከዚያ ወዲያ ማን ይፈራኛል? ብዬ ፈራሁ። ቃሌን ለራሴ አስቀመጥኩት።" ትንፋሽ ወሰዱ። "የሕፃኗን ነገር ሰምቻለሁ። ቅዳሴ በገባሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።"

የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር፤ ግቢው ውስጥ ሴቶች ልብስ እያጠቡ ያወራሉ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ንግግር በሐሳቤ ስናገረው፣ ስጮህባቸው፣ ሳስለቅሳቸው ኖሬያለሁ። አሁን አልጋው ላይ የተኙት ሰው ግን አንድ እፍኝ አይሞሉም፤ እኔም ደክሞኛል።

"ፍቺኝ" አሉኝ።

"አባ፣ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? የሚፈቱት እርስዎ ናቸው።"

"ሌላውን ሁሉ እፈታለሁ። ይህን አንቺ ነሽ የምትፈቺው።"

ልጃቸው ገባ። ፔርሙዜን አንሥቼ ወጣሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተሻላቸው ተብሎ ወጡ። ወደ ሮብ ገበያ የሚሄደው ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው። ልጃቸው ደግፎ አስቀመጣቸው፣ ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው። እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ። ከዚያ እጃቸው መሃል ላይ ቆመ። መስቀሉን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ። ነጭ ጥምጥማቸው ከኋላ በኩል ተፈትቶ ነበር።

"እግዚአብሔር ይፍታዎት" አልኩ።

ከልቤ ይሁን ከድካሜ እስካሁን አላውቅም። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ የሰሙም አልመሰለኝም ነበር። እሳቸው ግን መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ በዚያ በድሮው ወፍራም ድምፃቸው፣ "አሜን" አሉ።