ጋሼ ዳባ ያላገኙት ቀዳዳ

ይህን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬንም ግልፍተኛነቴንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ስለ ማራገቢያው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ምን ብዬስ እጀምራለሁ? «አባ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ ማራገቢያ ዋሽቼ አንድ ሽማግሌ ከሙያቸው አስወጣሁ» ይባላል? ለእናንተ መናገር ይቀለኛል፤ ፊታችሁን አላየውምና። ይኸው ገና ከመጀመሬ ፈሪነቴ ታወቀ።

ያኔ ምህንድስና ተመርቄ መቱ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ኖፓ አካባቢ ኮረሪማ የሚያመርቱ ሴቶች ማኅበር ነበራቸው፤ ሰብሳቢዋ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ። ዝናቡ አላደርቅ ይላቸዋል፣ በጭስ ሲያደርቁት ደግሞ ጭስ ጭስ እየሸተተ ገዢ ያጣል። እኔ ማድረቂያ እሠራላችኋለሁ አልኩ። አየሩ ወደ ውጭ ሳይወጣ በሳጥኑና በቱቦው እየዞረ፣ አንድ ቦታ እየሞቀ፣ ሌላ ቦታ እርጥበቱን እያራገፈ የሚመላለስበት ዝግ ማድረቂያ ነው። ከውጭ የሚገባ ነፋስ የለም። ያንን ሁሉ አየር የሚያዞረው አንድ ማራገቢያ ብቻ ነው።

ከመሠራቱ በፊት ላፕቶፔ ላይ በሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሞከርኩት። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። እውነተኛ ማራገቢያ፣ ፊቱ የሚጋረጥበት ነገር በበዛ ቁጥር የሚገፋው አየር ያንሳል። ለሶፍትዌሩም ይህንኑ፣ መከልከሉ ሲጨምር አየሩ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ደረጃ በደረጃ መንገር ነበረብኝ። ነገርኩት። ስሌቱ ግን አልረጋ አለኝ፤ ስክሪኑ ላይ መውረድ ያለበት መስመር ሲዘል ሰነበተ። ሰለቸኝና የማራገቢያው ካርቶን ላይ የተጻፈውን አንድ ቁጥር አስገባሁ፤ ማራገቢያው ሜዳ ላይ፣ ምንም ሳይጋረጥበት የሚሰጠውን። ስሌቱ ወዲያው ረጋ። የእኔ ማራገቢያ የፈለገው ያህል ኮረሪማ ቢከመርበት የማይደክም ጉድ ሆነ። የአየሩን ዝውውር የሚያሳየው ቀይና ሰማያዊ ሥዕል ሲያምር ብታዩት!

ሳጥኑን የሠሩልኝ ጋሼ ዳባ ናቸው። መቱ ውስጥ ብየዳ ቤት ነበራቸው፤ የውሃ ታንከር የሚያሠራ ሰው ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚፈልገው፣ መጋጠሚያቸው አያፈስምና። ሥራው ሲያልቅ ትሪዎቹን በኮረሪማ ሞሉ፣ የላይኛው ትሪ ጫፍ ላይ የጨርቅ ብጣሽ አሠሩ፣ ማራገቢያውን አስነሥተው በሳጥኑ በር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አሻግረው ተመለከቱ።

«ቂሌንሲ ደዸቤራ» አሉ። አየሩ ደክሟል ማለታቸው ነው። «ልጄ፣ ትሪው ባዶ ሲሆን ጨርቁ ይወዛወዛል፣ ስንሞላው ዝም ይላል። እስቲ አንተም እየው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ብየዳውን ይዩልኝ። አየሩን እኔ አስልቼዋለሁ» አልኳቸው። ሳቅ ብለው ጨርቁን ፈቱ።

ብዙም ሳይቆይ የላይኛው ትሪ ኮረሪማ ነጭ ጸጉር አበቀለ። የሴቶቹ የወራት ልፋት ሻገተ። ስብሰባ ተጠራ። ከስብሰባው በፊት ባለው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ ትክክለኛውን የማራገቢያ ባሕርይ መልሼ አስገባሁ። በትዕግሥት ከያዙት ስሌቱ ይረጋ ኖሯል! ላይኞቹ ትሪዎች ላይ አየሩ ቆሞ አየሁት፤ ጋሼ ዳባ ጨርቁን ያሠሩበት ቦታ ላይ። አወቅሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሳላውቅ አላጠፋሁም። አወቅሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ስብሰባው ላይ ያንን የድሮውን ያማረ ሥዕል አሳየሁና «ስሌቱ ትክክል ነው፤ መጋጠሚያው አየር ያሾልካል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ምን ፈርቼ ነበር? የተማረው ልጃችን መባሉ እንዳይቀርብኝ? ለዚህ ለዚህ? እትዬ ወርቅነሽ ዞር ብለው ጋሼ ዳባን አዩ። ይቆጣሉ፣ የጨርቁን ነገር ያነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ኮምፒውተሩ እንዲያ ካለ ይሆናል» አሉ ጋሼ ዳባ።

አመኑኝ። ቢጠረጥሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሳጥኑን አስጭነው ወደ ብየዳ ቤታቸው ወሰዱት። ከጎረቤት ጎሚስታ ኮምፕሬሰር ተውሰው አየር ሞሉት፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ እየቀቡ የሚሾልክበትን ፈለጉ። በዚያ ሳልፍ ተንበርክከው አገኘኋቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ነበር።

«አላገኘሁትም» አሉኝ። «ኢጂ ኮ ደዸቤ። ዓይኔ ነው መሰለኝ የደከመው፣ ልጄ።»

አፌን ብከፍት ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። «በርቱ» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲመጣላቸው «ዓይኔ አያስተማምንም፣ ሰው እጎዳለሁ» እያሉ ይመልሱ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ ብየዳ ቤቱን ዘግተው ኡካ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። እኔ ደግሞ ማራገቢያውን በትልቅ ቀየርኩ፣ ትሪዎቹን አራራቅሁ፣ ለሴቶቹ «መጋጠሚያውን አስጠግኜዋለሁ» አልኳቸው። ኮረሪማው ደረቀ። እትዬ ወርቅነሽ ቆመው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

በቅርቡ ለሥራ ኡካ ሄጄ ጋሼ ዳባን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። የልጅ ልጃቸውን ቦርሳ እየሰፉ ነበር። ክሩ አለቀባቸውና፣ መነጽር ሳያደርጉ፣ መርፌዋን ወደ ብርሃን አንሥተው አዲስ ክር በአንድ ጊዜ አስገቡባት። አወቁኝ፤ ከነቤተሰቤ ጠየቁኝ። ልሰናበት ስል እጄን እንደያዙ «ያቺን ቀዳዳ በኋላ አገኛችኋት?» አሉኝ።

ምን አልኩ መሰላችሁ?

«አዎ ጋሼ፣ በጣም ትንሽ ነበረች። ማንም ቢሆን አያያትም ነበር።»

«እሰይ!» አሉ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ አስባታለሁ።»

ይህንን ሁለተኛውን ውሸት ላጽናናቸው ብዬ ነው እንዳልል፣ ያጽናናሁት ራሴን ነው። ቅዳሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ስንት ቅዳሜ አሳለፍኩ። ሚኒባሱ መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራ እሰማለሁ፤ እግሬ አይነሣም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። እሳቸውም ይማሩኝ አይማሩኝ አላውቅም፤ አይማሩኝ ቢሉ ቅር የምሰኝበት አፍ የለኝም። ለእናንተ የነገርኳችሁ እሳቸው ፊት ስቆም የምናገረውን አንድ ጊዜ እንኳ ከአፌ አውጥቼ ልልመደው ብዬ ነው።

ቀዳዳ አልነበረም፣ ጋሼ። ዓይንዎ ደህና ነበር።