የአማረች እግር የቀዘቀዘ ዕለት

የዚህ ታሪክ ሰዎች አራት ነን። ልጄ አማረች፣ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ። እናቷ ዘነበች። ፊደል ያስቆጠርኩት ጎረቤቴ ማርቆስ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልናገር ያረጀሁ ሰው። አንተ የምታነበው የመጀመሪያው ሰሚዬ ነህ።

በደርግ ዘመን ነው፣ ከዶርዜ በላይ ባለው መንደራችን። የገበሬ ማኅበራችን ለጤና ሥልጠና ወደ አርባ ምንጭ የሚላክ አንድ ሰው ሊመርጥ ሰበሰበን። እመረጣለሁ ብዬ የክት ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ማንበብ የተማርኩ፣ አንዲት አሮጌ የጤና መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የማውቅ ሰው ነበርኩ። እጅ የወጣው ግን ለማርቆስ ነው። የመድኃኒት ሳጥን ይዞ ሲመለስ ሰዉ «ዶክተር» ይለው ጀመር። እሱ እየሳቀ ወደ እኔ ያመለክትና «ዶክተራችሁስ ጋሼ ናቸው» ይል ነበር። ከልቡ ነበር። እኔ እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ቀናሁ። ልጆቼን በሰው አትቅኑ እያልኩ የምገርፍ እኔ፣ ቀናሁ።

አማረች እንሰት ስትነቅል መቆፈሪያው ቁርጭምጭሚቷን ቆረጣት። ዘነበች ማርቆስ ይጠራ አለች። እኔ እያለሁ? ከገበያ የገዛሁትን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቄ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩ፤ በጨርቅ አጥብቄ አሰርኩት። አፈሩን እንኳ አላጠብኩም። በአራተኛው ቀን እግሯ አብጦ ትኩሳት አንቀጠቀጣት። አስፕሪን ሰጠኋት። በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሰውነቷ ቀዘቀዘ፤ ማቃሰትም ተወች። ደስ አለኝ። ልጄ ስለዳነች ብቻ ነበር የተደሰትኩት? ያለ ማርቆስ ስለዳነች ነበር።

ዘነበች ደብቃኝ አስጠራችው። እግሯን ዳሰሰ፤ የእጇን የደም ሥር ይዞ ቆጠረ።

«ጋሼ፣ ይሄ መዳን አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እጅ እግሯ በርዷል፣ ልቧ ይሮጣል። አሁኑኑ በቃሬዛ እናውርዳት።»

«ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ትኩሳቱን ያወረድኩትም እኔ ነኝ። ሳጥንህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ወጣ፤ ግን አልሄደም። ደጄ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ አማረች እናቷን «አንቺ ማነሽ?» ስትላት ነው እሺ ያልኩት። ማርቆስ ጎረምሶች ሰብስቦ ቃሬዛውን ከፊት ተሸከመ። አርባ ምንጭ ስንደርስ ሐኪሙ ክንዷ ላይ የደም ግፊቷን ደጋግሞ ለካ። በቁስሉ የገባው ባክቴሪያ ደሟ ውስጥ ተራብቷል፣ የደም ግፊቷ ወድቋል፣ ቅዝቃዜው የዚያ ምልክት ነበር አለኝ። ጠዋት ብትመጣ ኖሮ ብሎ ሳይጨርስ ተወው። በማግስቱ ሞተች።

ያ ክፋቴ አልበቃኝም። የገበሬ ማኅበሩ ስለ ሞቷ ሲጠይቅ ዘነበች ሐዘን ተቀምጣ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ብድግ ብዬ «ማርቆስን ጠራሁት፤ ዘግይቶ መጣ» አልኩ። እኔ አልኩ። በልጄ ሬሳ ላይ ቆሜ የቀናሁበትን ሰው ጣልኩ። ማርቆስ ተነሣ። «ጋሼ ሐዘን ላይ ናቸው» ብሎ ተቀመጠ። ለምን አልሰደበኝም? ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አነበብኩ። ቁስል ላይ የሚያድሩትን፣ ደም ውስጥ የሚገቡትን ባክቴሪያዎች በስም አጠናሁ፤ ስታፊሎኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ። የትኛው እንደገደላት ሐኪሙም አላወቀም። ማወቅ የምፈልገው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚከሰስ ስም ፍለጋ ነበር። የትኛውም ይሁን፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ጊዜ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አማረች ሕይወቷን ከፈለች። ዘነበች ልጇን፤ ውሸቴን ከሰማች በኋላም ባሏን፣ ዛሬም ከራት ጥሪ በቀር አታናግረኝም። ማርቆስ በማኅበሩ ሳጥኑንና ስሙን ተነጥቆ ወደ ቆላ ወረደ፤ በመንግሥት እርሻ ጥጥ ለቃሚ ሆነ፤ አልተመለሰም። ሳጥኑ የሚከፍተው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ተቆልፎ ተቀመጠ፤ በዚያ ሁለት ዓመት ሦስት አራሶች በወሊድ ትኩሳት ሞቱ። እኔ ምንም አልከፈልኩም። እስከ ዛሬ በመንደሩ ሰው ሲታመም ምክር የሚጠየቀው እኔ ነኝ።