በቀላሉ የተሟሸው ሰርቨር

አሁን በቅጽበት የመለሰላችሁ ኮምፒውተር፣ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ስትደግሙለት ደርቆባችሁ ያውቃል?

ካዛንቺስ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ዳታቤዝ አስተምራለሁ። የመውጫ ፈተና ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን «ያንተ ሙያ አይደል?» ተብዬ ሬጅስትራር ቢሮ ገባሁ። መውጣት ግን አልተቻለም፤ የአካውንቲንግ ተማሪዎች በሩን ሞልተውታል። የስም ዝርዝራቸው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተላከ ፈተናው ያመልጣቸዋል። ዝርዝሩ ሲጠየቅ ደግሞ ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ቀጥ።

«ቲቸር፣ ዛሬ እኛ እንረምዎት?» አለች አንዷ በመስኮት። ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም።

የፕሮግራሙ ሠሪ ስልኩ ዝግ ነው፤ የሰርቨሩ የይለፍ ቃል ደግሞ ያለው እሱ ጋ ብቻ። የምችለው ማጥፋትና ማብራት ነበር። አጥፍቼ አበራሁት። ኃላፊዋ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ መጀመሪያ የሎጂስቲክስን ዝርዝር ከፈቱ። ተማሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ወዲያው መጣ። አካውንቲንግ ላይ ግን እንደገና ደረቀ።

«እትዬ፣ ሎጂስቲክስ ምን ያደርጋል?»

«ማሟሻ ነዋ! ጠዋት ጠዋትም በሱ ነው የምከፍተው። ማሟሻው ሲቀል ቀኑ ይቀናል።»

ያኔ ገባኝ። ዳታቤዝ መልስ ከመፈለጉ በፊት በየት በኩል እንደሚፈልግ ያቅዳል። ማቀድ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያውን ዕቅድ ያስቀምጥና፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ በዚያው ይሄዳል። እሑድ ጠዋት ከጎተራ በመስቀል ፍላወር በኩል ሽው ብሎ የመጣ ሰው፣ ሰኞም ሳያስብ እዚያው፣ አሁን በመኪና የተጨናነቀ መንገድ ውስጥ እንደሚገባው ማለት ነው። ለጥቂት ተማሪዎች አንድ በአንድ መልቀም ይበጃል፤ ለአካውንቲንግ ግን ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይሻል ነበር። በማሟሻው የተያዘው የለቀማ ዕቅድ ነው ያሰረን።

«አሁን በአካውንቲንግ ያሟሹልኝ።»

«በከባድ ይሟሻል እንዴ? አንተ ልጅ፣ ካልሆነ እኮ ሌላ ጊዜ የለንም!»

እውነታቸውን ነው፤ ሰርቨሩ ሲነሳ ቀርፋፋ ነው፣ ሰዓቱም እያለቀ ነበር። አጠፋሁት፤ ሲጠፋ የያዘውን ዕቅድ ይረሳል። ሲነሳ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ።

«አንተው ንካው። በኔ እጅ አይሆንም።»

ነካሁት። ዝርዝሩ ወረደ፣ ተላከ፣ በሩም ተለቀቀ።

በማግስቱ ሳልፍ ጠሩኝና «የትናንቱ ለጭንቅ ቀን ነው፤ ዛሬ በሎጂስቲክስ ከፍቻለሁ» አሉኝ። የይለፍ ቃሉ አሁንም እኔ ጋ ስለሌለ ከሥሩ ላስተካክለው አልችልም።

እናንተ ግን በራሳችሁ መለማመጃ ኮምፒውተር ላይ እባካችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ትንሹን፣ ቀጥሎ ትልቁን ጠይቁ። ከዚያ አጥፍታችሁ አስነሱና ቅደም ተከተሉን ገልብጡ። ዳታቤዙን «ዕቅድህን አሳየኝ» በሉትና ሁለቱን አስተያዩ።