ባለቤቱ እኔ የሆንኩበት ፋይል

ያንን የስም ዝርዝር በእኔ ስም የጻፈው ማነው? ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፤ አላውቅም።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተጋጋለበት ጊዜ ቡራዩ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የማታ ትምህርት የጨረስኩት ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ሦስቴ ሳላረጋግጥ ከአንድ ነገር ላይ እጄን የማላነሳው። ቫይረስ ስላስቸገረን ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚሠሩት በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ነበር። የፈተና ማባዣው ያለው ሰበታ ቅርንጫፋችን ስለሆነ አንድ ፍላሽ በሚኒባስ ይመላለስ ነበር።

አንድ ቀን የአከራዬ ወንድም፣ አዛውንት ገበሬ፣ ከሱሉልታ መጡ። መሬታችን በፕላኑ እንዳይወሰድ የሚል አቤቱታ ከነፈራሚዎቹ ስም ተየብኩላቸው።

"ስሙን ሌላ ሰው እንዳያየው፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"አይዞዎት ኦቦ፣ እቆልፈዋለሁ።"

ኮምፒውተሩን ተማሪ ሁሉ ስለሚነካካው ፍላሹ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ፎልደሩን ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳይከፍተው አደረግሁ። ባለቤቷ እኔ ነኝ። በሌላ መምህር ስም ገብቼ ሞከርኩ፤ አይፈቀድም አለኝ። በሌላም ሞከርኩ። በሦስተኛም። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ፍላሹ ከነፈተናው ሰበታ ሄደ፤ በዚያው መንገዱ ተዘጋ። ስምንት ቀን ጎማ ሲቃጠል ከረመ።

ፍላሹ ሲመለስ ተማሪ ገና አልገባም፤ ክፍሉ ባዶ ነበር። ፎልደሩ እንደተቆለፈ ነው። ውስጡ ግን እኔ ያልጻፍኩት ፋይል አለ፤ "ባለቤት" የሚለው ቦታ ላይ የእኔ ስም። ከፈትኩት። የፈራሚዎቹ ስም በተራው ተገልብጧል፤ የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ እኔ፣ ከነአባቴ ስም። የተጻፈበትን ሰዓት አየሁ። በዚያ ሰዓት ቤቴ፣ በሬን ዘግቼ ነበርኩ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ያሉትን ወንበሮች ተመለከትኩ። ማንም የለም።

በዚያው ሳምንት አዛውንቱ ተወሰዱ።

ሰበታ ደውዬ ስለ ፋይሉ ብቻ ጠየቅሁ። "እኛን ትጠይቂናለሽ እንዴ? ያንቺ ስም አይደል ያለበት!" ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ፣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነው። ፍላሹ የባለቤቱን ስም አያውቅም፤ የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው። በየኮምፒውተሩ መጀመሪያ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ያንኑ ቁጥር ያገኛል። ቡራዩ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። ሰበታ በመጀመሪያው ስም የሚገባው ሠራተኛው ሁሉ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እዚያ የተቀመጠውን ሰው ፍላሹ እኔ እንደሆንኩ ቆጥሮ ተቀበለው። ሦስቱንም ጊዜ የሞከርኩት በራሴው ኮምፒውተር ላይ ነበር።

አዛውንቱ ከወራት በኋላ ተፈቱ። ሄጄ ለመናገር ግን ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። ሱሉልታ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"ኦቦ፣ ያስያዝኩዎት እኔ ሳልሆን አልቀርም።"

ሚስማሩን ከአፋቸው አወጡ። "ዝርዝሩንማ አሳይተውኛል። ወረቀቱ ከታች በኩል ተቀዷል፤ አንድ መስመር የሚያህል። 'እዚህ ጋ ማን ነበር?' እያሉ ስንት ቀን ጠየቁኝ።"

"ምን አሏቸው?"

"'ማንም' አልኳቸዋ።" መዶሻቸውን አነሱ። "እኔማ እስከ ዛሬ ራስሽ የቀደድሽው ነበር የሚመስለኝ።"