ዘር ቆጣሪው ጋሽ ስንሻውና ውሾቻቸው

ጋሽ ስንሻውን የምወቅሳቸው ስለምወዳቸው ነው። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የሚከተለው ሁሉ ሐሜት ይመስላል።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ በሁለት ነገር የታወቁ ሰው ነበሩ። አንደኛው ትራክተር ጥገና ነው። ከደምቢያ ወርደው ገና በጎልማሳነታቸው የሰሊጥ እርሻዎች ላይ ስለሠሩ፣ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው ሕመሙን ይናገራሉ። ሁለተኛው ዘር ቆጠራ ነው። እዚህ ቆላ ከጎጃሙም፣ ከወሎውም፣ ከጎንደር ደጋውም የወረደ ሰው ተደባልቆ ይኖራል። ልጁን ሊድር ያሰበ ወላጅ፣ ጥንዶቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንደማይዛመዱ የሚያጣራለት አዋቂ ይፈልጋል። ጋሽ ስንሻው የደምቢያንና የጭልጋን ሰው አያት ቅድመ አያት በቃላቸው ይዘውታል። ሽመክት የሚባል ሹፌር ብርነሽ የምትባል ልጅ ሊያገባ ድንኳን ከተተከለ በኋላ «በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ» ብለው ሠርጉን ያስቀሩ እሳቸው ናቸው። ልጅቱ ፊታቸው ላይ እያለቀሰች ረገመቻቸው። እሳቸው ግን ፍንክች አላሉም። «ደም ከደሙ ሲገናኝ ዕዳው በልጅ ነው» አሉ።

እኔ በከተማው የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ያወቅኳቸው በ1998 ዓ.ም. ውሾቻቸውን ሊያስከትቡ ሲመጡ ነው። ላምና ግመል ይዞ የተሰለፈው ሰው ሳቀባቸው። እሳቸው ተራቸውን ጠብቀው፣ እያንዳንዱን ውሻ በስሙ እየጠሩ አስወጉ። እኔም ውስጤ ሳቀ፤ ለውሻ ክትባት የሚሰለፍ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሚስታቸው አለምነሽ በ1992 በካላዛር በሽታ ስትሞት ነው። ልጅ አልነበራቸውም። በሽር የሚባል፣ ሱዳን በኩል ያለችው የገላባት ከተማ ሽንኩርት ነጋዴ የቤቱን ጭርታ አይቶ፣ አንድ ቀን የድንበሩን ድልድይ ሲሻገር አንዲት ቡችላ በጀለቢያው ጠቅልሎ አመጣላቸው። ሱዳኖች «ሰሉጊ» የሚሉት ዘር ናት፤ እግሯ ረጅም፣ ወገቧ ቀጭን፣ ጆሮዋ የተንጠለጠለ። ዘይና አሏት። አልጋቸው ሥር ታድራለች፤ ሻይ ሲጠጡ አገጯን እግራቸው ላይ ታሳርፋለች። ጎረቤታቸው ውባንች «አለምነሽን በውሻ ተኳት» እያለች ታሽሟጥጥ ነበር። እውነቷን ነው፤ ያለዚያች ውሻ ያን ክረምት የሚወጡት አይመስለኝም።

ዘይና ሦስት ዓመት ሲሞላት በሽር የራሱን ወንድ ውሻ አመጣና ስድስት ቡችላ ተወለደ። ያን ጊዜ በሽር አንድ ነገር ተናግሮ ነበር።

«ለሚቀጥለው ከገዳሪፍ ሌላ ወንድ አመጣልሃለሁ። እነዚህን እርስ በርስ አታገናኛቸው። ኸላስ?»

«ኸላስ፣ ተስማምተናል» አሉ ጋሽ ስንሻው።

በሽር በዓመቱ ወደ ካርቱም ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውየው ውሻ አርቢ ነኝ ከሚል ስንት ሰው ይሻሉ ነበር። ሴቲቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላት አያስጠቋትም። አንዴ ከወለደች ዓመት ሙሉ ያሳርፏታል። ቡችላ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አይለይም፤ ባለሥልጣን ቢለምናቸውም አይሰሙም። ቡችላ የጠየቃቸው ሰው ቤት ራሳቸው ሄደው ይቀመጣሉ፤ ሲጫወቱ ቆይተው ሲወጡ የአህያውን ጀርባ ያያሉ። ጀርባው ከቆሰለ ያ ሰው ውሻ አያገኝም። ከሰጡም በኋላ «ማሳደግ ካቃተህ መንገድ ላይ እንዳትጥለው፣ ወደኔ መልሰው» ብለው ያስምላሉ። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። በመጨረሻም የሚያስሩት ቃል ነበር፦ «ዘሩን እንዳትደባልቁ።» ለዚህም ሲሉ ብዙውን ጊዜ ወንድና ሴት አድርገው ይሰጡ ነበር።

ያጠፋቸው ይኸው የመጨረሻው ቃል ነው። በሽርን ሁለት ዓመት ጠበቁት። ሲቀር፣ በየጉራንጉሩ ከሚዞር ውሻ ጋር ከማገናኘት ብለው የዘይናን ልጅ ዳማ ከሚሉት ከገዛ ወንድሟ ጋር አገናኙ። የወለደቻቸው ሲያምሩ ጊዜ ልባቸው ሞላ። ቀጥሎ የእነዚያን ልጆች አገናኙ፤ ከዚያም አባትን ከሴት ልጁ። «የዘይና መልክ ከጠፋብኝ ምን ቀረኝ?» ይሉ ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውን ተረት በቀን አሥር ጊዜ ያነሣሉ።

የኔም እጅ አለበት። ለከብት አርቢዎች «ኮርማው ሴት ልጁ ላይ እንዳይወጣ በየሦስት ዓመቱ ቀይሩት» እያልኩ የማስተምር እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ፣ በ2000 መሰለኝ፣ ለጋሽ ስንሻው ቀለል አድርጌ አነሣሁባቸው። «ያ ለከብት ነው፤ ውሻ ምን ዘመድ አለው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ሽማግሌ ፊት መከራከር ነውር መስሎኝ ሳቅኩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ግን መች ቀሰቀስኳቸው?

በ2003 ሚያዝያ ላይ ጠዋት ክሊኒኩን ስከፍት በር ላይ ቁና አቅፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ማናለኝ ወልዳለች። ማናለኝ ዘይና ከሞተች በኋላ አልጋቸው ሥር የምታድረው ውሻ ናት። ከሰባቱ ሁለቱ ሞተው ነው የተወለዱት። በቁናው ያሉት አምስቱ ወተት ሲሰጧቸው በአፍንጫቸው ይመልሱታል፤ ላንቃቸው ተሰንጥቋል። አንደኛው ዓይናችን እያየ ተንቀጠቀጠና ደረቀ።

«ሠላማዊት ልጄ፣ መርፌ ውጊልኝ። ሰው በዓይኑ በልቷቸው ነው። ምን በድየ ነው እንዲህ የሆነብኝ?»

ተናደድኩ። በሳቸውም፣ በራሴም።

«ዓይን አይደለም ጋሼ። እስኪ እንደ ሰው ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«የእነዚህን አባትና እናት። ለሽመክትና ለብርነሽ እንደቆጠሩት ይቁጠሩ።»

ልማዳቸው ነውና እጃቸውን ዘረጉ። «አባታቸው ዳማ ነው» አሉ። «እናታቸው ማናለኝ። ማናለኝ የዳማ ልጅ...» አሉና ቆሙ። የተነሣችው ጣታቸው አንዲት ብቻ ናት። ሁለተኛዋን አላነሡም።

«አንድ ቤት» አሉ በመጨረሻ። «ሰባት ቀርቶ አንድ ቤት እንኳ አልሞላም።»

መርፌ ልወጋላቸው ብችል ምን ነበረበት! ግን ለዚያ መርፌ የለውም። ቡችሎቹን በጥጥ ወተት እያጠቡ አሥራ አንድ ቀን ታገሉ። አንድ በአንድ አለቁ። የመጨረሻዋ ስትሞት ጋሽ ስንሻው ጭንቅላታቸውን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። «ለአንዲት ልጅ ሠርግ አፍርሻለሁ፤ ለነዚህ ግን ራሴ ሠርግ ደገስኩ» አሉኝ። እህል አልቀምስ አሉ። ለቆጠራ የጠሯቸውን ሽማግሌዎችም «ሌላ ሰው ፈልጉ» ብለው መለሱ።

ዳማን እንዳኮላሽላቸው አመጡት። ራሳቸው ይዘውልኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ።

ግን የዳማ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእነሱም ልጆች በየአገሩ ተበትነዋል። ሠላሳ አንድ ውሻ ሰጥተዋል፤ የተቀበለውን ሁሉ ያውቃሉ። «ሳይወልዱ ልድረስባቸው» አሉና ከቤት ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ወር ሙሉ ሲዞሩ ያየ ሁሉ አብደዋል አለ። ገንዳ ውሃ ላይ አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ ያኔ አትደባልቁ አሉ፤ አሁን ደግሞ ደባልቁ ይላሉ፤ የትኛውን እንያዝ?» ብሎ ሳቀባቸው። አብርሃ ጅራ በሰሊጥ መኪና ተጭነው ሄዱ፤ ሁለት ውሾች ቀድመው ሞተው ነበር፤ ሌሎቹን ባለቤቶቻቸው ሊለያዩላቸው ቃል ገቡ። አንዳንዱ በሩን ዘጋባቸው። እሳቸው ግን በየደጁ ቆመው «ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ» ማለት አልደከማቸውም።

የቀራቸው የገለጉ ከተማ ብቻ ነበር። ሰኔ ሲገባ የእኛ መሥሪያ ቤት መኪና ለከብት ክትባት ወደዚያው ሲሄድ ከኋላ ጫንኳቸው። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሁለት ቀን ፈጀብን። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር፦ «ታጠቅ ሰው ነው፤ ታጠቅ ከነገርኩት አይወጣም።» ታጠቅ አስተማሪ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከዘይና የመጀመሪያ ልጆች የጎለመሱ ወንድና ሴት ሰጥተውታል። ያኔ የአህያው ጀርባ ጠባሳ እንኳ አልነበረበትም።

ታጠቅ ሲያያቸው ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። ሚስቱ ሰርክአዲስ መደብ ላይ ቁርበት አነጠፈችላቸው። እግራቸውን እስኪታጠቡ እንኳ አልጠበቁም።

«ውሾቹስ?» አሉ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ታጠቅ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ልጽፍልዎ አፍሬ ነው» አለ። «መጀመሪያ የወለደችው ደህና ነበር። ኋላ ግን የሚወለዱት ዓይናቸው አያይም። ወተት ጨመርኩ፣ ሥጋ ከልጆቼ አፍ ቀንሼ ሰጠኋቸው፣ ቤታቸውንም ቀየርኩ። እንዲያው ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም። አደራዎን በላሁ።»

ሰርክአዲስ ቀጠለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲበላ ነው የኖረ። ጋሽ ስንሻው ቢያዩኝ ምን ይሉኛል እያለ።»

እኔ ልናገርላቸው ስል ጋሽ ስንሻው በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ታጠቅ፣ አንተ አላጠፋህም» አሉ። «ወንድምና እኅት ሰጥቼህ፣ አትደባልቅ ብዬህ፣ አንተ እንዳልኩህ አደረግህ። ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ታጠቅ ብድግ አለ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም፤ እንደ ወረቀት ነጣ።

«ደህና የተወለዱትን እኮ ለሰው ሰጥቻለሁ» አለ።

«ለስንት ሰው?»

«ለሦስት ቤት። ከወንዙ ማዶ፣ ቆላው ውስጥ። ሁሉንም ወንድና ሴት አድርጌ ነው የሰጠሁ። አስምዬ። እርስዎ እንዳሉት።»

ጋሽ ስንሻው ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። ታጠቅ ተከትሎ ደጃፉ ላይ ያዛቸውና ነገሩን አስረዳቸው። ወንዙ ትናንት ሞልቷል፤ ድልድይ የለውም፤ ክረምቱ እስኪወጣ፣ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰውም ከብትም አይሻገረውም፤ በማዶው ስልክም አይሠራም።

«ሴቶቹ ስንት ዓመታቸው ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ዘንድሮ ሦስት ሞላቸው፤ እስከዚያ አታስጠቋቸው ብያቸው ነበር» አለ ታጠቅ።

በዝናቡ ውስጥ ቆመው ወደ ወንዙ ድምፅ ያዩ ነበር። «እስከ ጥቅምት እኮ ይወልዳሉ» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አላውቅም። ወዲያው ደግሞ ወደኔ ዞረው፣ መፍትሔ ያለኝ ይመስል፣ «ሠላማዊት፣ ይወልዳሉ እኮ» አሉኝ።