«ፊት ለፊቷ ቁምልኝ፤ ሪሞቱን ልጫን» አልኩት

ዛሬ ጠዋት የገዛ መኪናዬ አባቴን ልትገጭብኝ ነበር። ውስጧ ማንም አልነበረም።

በናፍጣ የምትሠራ ማንዋል ፒካፕ አለችኝ፤ ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እጭንባታለሁ። ቁርሴን እስክበላ ሞተሯ ይሙቅልኝ ብዬ ባለፈው ሳምንት ከርቀት የሚያስነሳ ሪሞት አስገጠምኩ።

የገጠመልኝን ባለሱቅ ጠይቄው ነበር። «ማርሽ እንደገባ ረስቼ ባቆማትስ?»

«ዕቃው ራሱ ያውቃል፤ በፍጹም አያስነሳም» አለኝ።

ትናንት ማታ ማርሽ እንደገባ ረስቼ አቆምኳት። ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ሆኜ ሪሞቱን ስጫነው መኪናዋ ዘልላ ወደ ግቢው በር ተወረወረች። በሩን ሊከፍት የቆመው አባቴ ለጥቂት ወደ ጎን ዘሎ አመለጠ። (በሰባ ዓመቱ እንዲያ መዝለሉን እሱም አላመነም።)

አባቴን ይዤ በቀጥታ ወደ ሱቁ ነዳሁ። ሰውየው የአንዲት ሴት ፒካፕ ላይ ያንኑ ዕቃ ሊገጥም እየተዘጋጀ ነው። መኪናዬን ደጁ ላይ አቆምኩ፤ ማርሽ አስገብቼ ወረድኩ።

«ፊት ለፊቷ ቁምልኝ፤ ሪሞቱን ልጫን።»

«ወንድሜ፣ ውስጥ ገብተን እንነጋገር።»

«አያስነሳም አላልክም? ቁማ!»

አልቆመም። ላብ አጠመቀው። ሴትየዋ ቁልፏን ከጠረጴዛው አነሳችና «ለእኔም እንደዚሁ ነው ያልከኝ» ብላው ሄደች።

አባቴ «ይበቃዋል፣ ተወው» አለኝ። እኔን ግን አልበቃኝም። ዕቃውን በገዛ እጁ ፈትቶ እስኪያወጣውና አባቴን «ይቅር ይበሉኝ አባባ» እስኪለው ድረስ፣ ደጁ ላይ ቆሜ ለገባ ለወጣው ሁሉ ታሪኩን ስናገር አረፈድኩ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

እናንተንስ እንዲህ ብሎ ያሳመናችሁ አለ? የደረሰባችሁን ከታች ጻፉልኝ። ሄጄ ለባለሱቁ አንድ በአንድ አነብለታለሁ።