የረቡዕ እንቁላል

«የምንፈትነው ጨዋታውን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም።» ይህችን ዓረፍተ ነገር የዚያን ዕለት ቀየት በምትባል የመንዝ ቀበሌ እንደ ዳዊት ስደግማት ዋልኩ። ያመነኝ ሰው ግን አልነበረም። መንዝ ውስጥ ልጅን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ከፊቱ አንድ ነገር ዘርግቶ፣ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር እስክሪብቶ የሚያነሳ ሰው ፈታኝ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ደግሞ ወላጆቹን የጠራልን ቀበሌው በአንድ ለአምስት በኩል ስለነበር፣ ግማሾቹ ለፈተና፣ ግማሾቹ ለሴፍቲኔት ምዝገባ መስሏቸው ነው የመጡት። አንዲት እናት የመጣነው ለጨዋታ ነው ስላት «ለጨዋታ ብላችሁ ከአዲስ አበባ ድረስ?» ብላ ከልቧ አዘነችልን። እኔ ራሴ የዚሁ የመንዝ፣ የሞላሌ ልጅ ነኝና እንደማያምኑኝ ማወቅ ነበረብኝ።

ጨዋታው በታብሌት የሚሠራ የቁጥር ማስተማሪያ ነበር። የሠራው ባልደረባዬ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ስለ ጨዋታው ሲያወራ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳ አባት ይመስላል። መጀመሪያ በጎችን እየቆጠሩ ጋጣ ማስገባት አለ። ቀጥሎ አንድ የራበው ልጅ ብቅ ይልና «አራት እንቁላል ስጠኝ!» ይላል፤ ተጫዋቹ እንቁላሎቹን በጣቱ እየጎተተ ያጎርሰዋል። ካልተሰጠው ያለቅሳል። ባልደረባዬ በዚህ ልጅ በጣም ይኮራል፤ በተለይ ሲስቅ በምትታየው የወለቀች የፊት ጥርሱ። «ይቺ ክፍተት ስንት ቀን እንደፈጀችብኝ!» ይለኛል፣ ጥርሷን በገዛ እጁ የነቀላት ይመስል።

ሥራው የሚሠራበት ሕግ ቀላል ነው። ልጁ ብቻውን ይጫወታል፣ ወላጅ ከኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እኛም ሳናግዝና ሳንጠይቅ ጨዋታው የት ላይ እንደሚያደናግር አይተን እንጽፋለን። ሕጉን ያወጣው ሰው የመንዝ እናት አያውቅም። የመጀመሪያው ተጫዋች ገና ነፍስ ያላወቀ ሕፃን ነበር፤ እናቱ ሦስት እንቁላል ሲባል ሦስት ጊዜ ትስላለች፣ አምስት ሲባል አምስት ጊዜ። ባልደረባዬ የነሐሴ ማለቂያው ብርድ መስሎት «ኧረ ለእሳቸው ውሃ ይምጣላቸው» አለ።

ግራ ያጋባን ሌላ ነገር ነበር። ትንንሾቹ እንቁላሉን እያፈሱ ሲያጎርሱ፣ ትልልቆቹ በጎቹን አንድ ሳይሳሳቱ ካስገቡ በኋላ እንቁላሉ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። «እዚህ አገር ልጅ ሲያድግ ይደነዝዛል እንዴ?» አለኝ ባልደረባዬ በሹክሹክታ። እኔም በሙሉ ልብ «መመሪያው አልገባቸውም» ብዬ ጻፍኩ።

ከቀትር በፊት አንድ ገበሬ የስምንት ዓመት ገደማ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷን ከበሩ ውጭ አቁመው ብቻቸውን ጠጋ አሉኝ።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ወንድሟ ይማራል፤ በጎቹን የምትጠብቅ እሷ ናት። እናቷ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ካልተመዘገበች ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። እንግዲህ እዚህ ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ነገሩ ያብቃ ተባብለን ነው የመጣነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ የምንፈትነው እኮ እሷን አይደለም...»

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አሉ እየሳቁ። «ልጅ እንዳይደነግጥ ፈታኝ ሁሉ እንዲህ ነው የሚል።»

ልጅቷ ተቀመጠች። በጎቹን ገና እንዳየቻቸው ድምፅ ሳታሰማ ቆጥራ ከተተቻቸው፤ ይህ ለሷ የዘወትር ሥራዋ ነው። አባቷ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ጥርሰ ወላቃው መጣና «አራት እንቁላል ስጠኝ!» አለ። ልጅቷ ጣቷን ዘረጋች፣ እንቁላሉ አጠገብ ስትደርስ መለሰችው። ልጁ አለቀሰ። አሁንም አልሰጠችውም። ለቅሶው ሲበረታ ግን አላስቻላትም መሰለኝ፣ በጣቷ ጉንጩን ዳበስ አደረገችና «አይዞህ» አለችው።

ታብሌቱ «ስህተት ነው! እንደገና ሞክር!» ብሎ ጮኸ። ባልደረባዬ ሲሠራው ጉንጭ የሚዳብስ ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም። እሷ ባባበለችው ቁጥር ማሽኑ ይጮኻል፤ አባትየው ደግሞ በጮኸ ቁጥር ጋቢያቸው ውስጥ ይሰምጣሉ። በመጨረሻ ተነሱ።

«በቃ ተነሽ፣ እንሂድ» አሏት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይልቅስ እኔን ጊዜ ያባከኑብኝ መስሏቸው አፍረዋል። ልጅቷ ነጠላዋን አጣፋች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። የልጅቷ ትምህርት ዓይኔ እያየ ከበሩ ሊወጣ ነበር፣ እኔ ደግሞ እጄ ላይ «ተጫዋቹን አትጠይቁ» የሚል መመሪያ ይዣለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«የኔ ቆንጆ፣ እንቁላሉን ለምን አልሰጠሽውም?»

ወለሉን እያየች፣ «ረቡዕ እኮ ነው» አለች።

በመስኮት ተደርድረው ሲያዩ የነበሩት እናቶች «እሰይ!» አሉ። ባልደረባዬ ግን በዋዛ የሚረታ አልነበረም፤ «ትንሽ ልጅ ነው እኮ!» ብሎ ተከራከራት።

«ጥርሱ ወልቋል» አለችው።

ነገሩ ያኔ ገባን። የወተት ጥርሱን የጣለ ልጅ ሰባት ሞልቶታል፣ ሰባት የሞላው ደግሞ ይጾማል። ያ ሁሉ ቀን የፈጀች የጥርስ ክፍተት ናት ልጁን ጦም ያሳደረችው። ከሁሉ የሚያስቀው፣ እኔ ራሴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ጾመኛዋ ተቀምጬ የሰው ልጅ በረቡዕ ምድር ለምን እንቁላል አያጎርስም ብዬ ስጽፍ ነው የዋልኩት!

«ታዲያ መቼ ትሰጪዋለሽ?»

«ነገ።»

«ስንት?»

«አራት ነው ያለው።» ልጁን አየት አደረገችና፣ «አራት ግን ይበዛበታል» አለች።

አባቷ ተመልሰው ተቀመጡ። ልጃቸውን፣ ታብሌቱን፣ እኔን ተራ በተራ አዩን። «እና የወደቀው ማነው?» አሉ።

«ጨዋታው ነው፣ ጋሼ።»

«ይህን ነገር የሠራው ማነው?»

ባልደረባዬ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ ጫማውንም ጭምር። «እንግዲያው በጎቼን አንተ ትጠብቅልኛለህ» አሉት።

ሳቁ ከመስኮቱ ውጭ ነው የጀመረው። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ምክንያቱም ከልቤ ፈርቼላት ነበር። ልጅቷ ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን እንዳጣፋች ቆማ አባቷን ታያለች፤ ምን እንደተፈረደ አልገባትም።

«በይ ሩጪ፣ ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት» አሏት።

«ምን ብዬ?»

አባቷ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ እኔ አየት አደረጉ። ስደግማት የዋልኳትን ዓረፍተ ነገር ዋጥኩና አንገቴን በእሺታ ነቀነቅሁ።

«አለፍኩ በያት።»